ነጩ ሽማግሌ የሰጡኝ ጥሪ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ውርጭ። የጋራዡ በር እጀታ እጅ ይነክሳል። አገር ቤት ክረምት ገባ ሲሉ ዝናቡን ያወራሉ፣ ጭቃውን ያማርራሉ። እዚህ ጆሃንስበርግ ክረምት ማለት ብርድ ብቻ ነው... ያለ ምንም ማባያ።

ዛሬ ምን ሠራሁ? አንድ የመጥረጊያ እጀታ። በቃ። ለታላቅ ነገር የተፈጠረች ማሽን መጥረጊያ ላይ ዋለች።

ማንም ስለማይሰማኝ እዚህ ላወድሳት። ከልብስ ስፌት መኪና ትንሽ ተለቅ ትላለች። እንጨት አስይዛት፣ ታሽከረክረዋለች፤ መቁረጫውን አስጠጋ፣ ያሰብከው ቅርፅ ይወጣል። እኛ አገር ስሟ ቶርኖ ነው። ባለፈው ሃርድዌር ቤት ገብቼ «ለቶርኖዬ መቁረጫ አላችሁ?» ብል ሻጯ «ቶርናዶ? የት?» ብላ በመስኮት ሰማይ አየች። ከሰልፉ አንድ ፂማም ሽማግሌ ብቻ ሳቀ።

ቶርኖዬ የምትኖረው ቴምቢሳ ሰፈር፣ እትዬ ኤርጎጌ ጋራዥ ውስጥ፣ ከዲፕ ፍሪዘራቸው ጎን። እኔ ጓሮ ባለችው ክፍል። እትዬ ኤርጎጌ በሰፈር እትዬ፣ በቤተ ክርስቲያን እህት፣ በጋራዥ ጉዳይ ደግሞ መንግሥት ናቸው። ዛሬ መንግሥት አዋጅ አወጣ።

«ፀጋዬ፣ ወሩ ሲያልቅ ጋራዡን ለኳየር ልምምድ እንፈልገዋለን።»

«ማሽኗስ?»

«ሽጣት።»

እንደ ዶሮ።

ሀቢሶ ይህን ሰምቶ በደስታ ደወለ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ አይቮሪ ፓርክ ያለችው ስፓዛ፣ ትንሿ የሰፈር ሱቅ፣ የሁለታችን ናት። «በቃ ና» አለኝ፣ «ፍርግርጉ ናፍቆሃል።» ስንት ዓመት ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ዳቦና የስልክ ካርድ ስሸጥ ኖርኩ... ደንበኞቼ ፊቴን የሚያውቁት በካሬ በካሬ ተቆርጦ ነው። ሆሳዕና ቴክኒክ የተማርኩት ለዚህ ነበር? ክረምቱ እስኪያልቅ በሙያዬ ካልተሳካልኝ እመለሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ጋራዡ ከሄደ ደግሞ ክረምቱን መጠበቅም አያስፈልግም። ቶርኖ አልጋ ሥር አትገባ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ያ የሃርድዌር ቤቱ ፂማም መጣ። በባኪ፣ ማለት በፒክአፕ መኪና። የስልክ ቁጥሬን ከሻጯ ተቀብሎ።

ኦም ዳኒ ይባላሉ። «ኦም» በነሱ ቋንቋ «ጋሼ» እንደማለት ነው። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው በአፌ «ዩ» አልኳቸው፣ በልቤ ግን አንቱ ብያለሁ። ነጭ ቢሆኑም ሽማግሌ ናቸው። ብሮንኮርስትስፕሩት አካባቢ በግ ያረባሉ።

ከኪሳቸው የብረት አፍ ያለው የፕላስቲክ ፊሽካ አወጡ። የአደን ዕቃ ነው። ሲነፋ እንደ ቆሰለች ጥንቸል ይጮሃል፤ ቀበሮ ምሳ ተገኘ ብሎ ይመጣል፤ ኦም ዳኒ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እንግሊዝኛው ስሙን ሳያሽሞነሙን «ጥሪ» ይለዋል።

ሁለት ክስ አላቸው። አንደኛ፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ቀበሮዎቹ ለምደውታል። ሁለተኛ፣ በውርጭ የብረት አፉ ከንፈር ይዞ አይለቅም።

«ባለፈው ሳምንት ሚስቴ ናት ለብ ባለ ሻይ ያላቀቀችኝ» አሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሻዩን ጠጣሁት።»

አካሉ ከእንጨት እንዲሆን፣ ድምፁ ወፈር እንዲል ይፈልጋሉ። ከተሳካ የአደን ጓደኞቻቸው ሁሉ ያዝዛሉ። እንጨቱንም ይዘው መጥተዋል። አሸተትኩት... ወይራ። ለካ እነሱም አገር ወይራ አለ። ለካ ይህ ሁሉ ጊዜ እዚሁ ነበር።

«ቀበሮ ግልገሎቼን ጨረሰ» አሉ ሲሄዱ። «አንተ ትችላለህ።» ዓይናቸው ረጠበ። ብርዱ ይሆናል።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ወይራውን አሽከረከርኩት። ሰጋቱራው ጋራዡን ሽቶ ቤት አደረገው። ውጭውን አለሰለስኩ፣ መሃሉን በመብሻ ቦረቦርኩ፣ ድምፅ የምታወጣዋን ስስ ምላስ ከፕላስቲኩ ፈትቼ እንጨቱ ላይ ተከልኩ። ነፋሁ።

ጥንቸል አይደለም። ዘይት ያጣ በር።

አሰፋሁት። አሁን ጥንቸል ሆነ፣ ግን የቆሰለች ሳትሆን የተሰደበች።

ጋሽ ሽጉጤ ልክ ያኔ በግቢው እያለፉ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸው ሽጉጤ ሆኖ በዕድሜያቸው ጥይት ነክተው አያውቁም። በሩ ላይ እጃቸውን ጭነው «ውጣ» ሲሉ ሰማሁ።

ወጣሁ።

«አንተን አይደለም» አሉኝ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

የዛሬውን እስካሁን ማመን አቅቶኛል። እንደወረደ ልጻፈው።

እትዬ ኤርጎጌ በጠዋት መጡ። ጋሽ ሽጉጤ የነገሯቸው ነገር አለ።

«ፀጋዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«የጥሪ ሥራ ጀምሬያለሁ እትዬ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «መቼ መጣልህ?»

«ዓርብ። አንድ ነጭ ሽማግሌ መጡና ሰጡኝ።»

ዲፕ ፍሪዘሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ነጭ?»

«ነጭ። ፂማቸውም ነጭ፣ እስከ ደረታቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ቀበሮ ግልገሎቼን ጨረሰ፣ አንተ ትችላለህ አሉኝ።»

«ድምፁንስ ሰማኸው?»

«ገና አልጠራም እትዬ። ትናንት ግን መጣ መጣ ብሎ ነበር። ጋሽ ሽጉጤም ሰምተውታል።»

«ለምን ደበቅከኝ ልጄ?»

«ባይሳካስ ብዬ።»

«እንዲህ ያለው በሰው ብርታት አይሆንም።»

«አይሆንም። ኃይል ይፈልጋል» አልኩ። ዛሬም መብራት ሁለቴ ጠፍቶብኛል።

እንባቸው ዱብ አለ። በነጠላቸው ጠረጉና ተነሱ። «ጋራዡ ያንተ ነው። ኳየሩ ሳሎን ይለማመድ።»

ቶርኖዬን ሽጣት ያሉ ሴትዮ... እንዲህ የእጅ ሙያ የሚወድ ልብ ነበራቸው?

ሰኔ 13፣ ዓርብ

እትዬ ኤርጎጌ ሾርባ ላኩልኝ። «ጾምህን ስትፈታ» አሉ። እየጾምኩ ነው እንዴ? ለማንኛውም ጠጣሁት። ግሩም ሾርባ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ገባኝ።

በማስታወቂያ ሰዓት መጋቢው ተነሱ። «በሚቀጥለው እሑድ ወንድማችን ፀጋዬ ጌታ ስለ ሰጠው ጥሪ ይመሰክራል።» ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። እኔም አልኩ፣ የትኛው ፀጋዬ ይሆን ብዬ እየዞርኩ ሳይ ሁሉም እኔን ያያል።

ያኔ አንድ በአንድ ተገለጠልኝ። ጥሪ። ነጭ ሽማግሌ። ግልገሎች። ቀበሮ። ድምፅ። ኃይል... ያን ቀን አንድም ቃል አልዋሸሁም። አስቤበት ብዋሽ እንዲህ አያምርልኝም ነበር።

ከሰዓት ዲቦራ ጋራዥ መጣች። የእትዬ ኤርጎጌ የእህት ልጅ ናት፣ የኳየሩ መሪ። ምላሷ ከመቁረጫዬ ይበልጥ ስል ነው። ፊሽካውን ከጠረጴዛው አነሳች፣ አገላበጠች፣ እኔን አየች።

«ነጩ ሽማግሌ በምን መጡ?»

«በባኪ።»

«ክንፍ ያለው?»

«አሮጌ ነው። አንድ በሩ በሽቦ ነው የታሰረው።»

ዲፕ ፍሪዘሩን ተደግፋ ሳቀች። ተንበርክካ ሳቀች። ሲበቃት ዓይኗን ጠረገች።

«አክስቴ ግን ሆሳዕና ድረስ ደውላ ተናግራለች። እናትህም ሰምተዋል።»

እናቴም...

«ንገራታ» አለች።

«ከነገርኳቸው ጋራዡ ይሄዳል። ፍርግርግ ውስጥ እመለሳለሁ።»

«ካልነገርካት ደግሞ መስበክህ ነው» አለችና እንደገና ፍሪዘሩን ያዘች።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

የአገልጋይ ኑሮ ይመቻል፣ መካድ አይቻልም። መንገድ ላይ ቦርሳዬን ይይዙልኛል። ጎረቤት ያለችው ፊቤ ፍሪጇ ስላስቸገራት እጄን እንድጭንበት ለመነች። ጫንኩ። በዚያው የላላ ሽቦ አገኘሁና አጠበቅኩት። አሁን ፍሪጁም ይመሰክርልኛል።

ሀቢሶ ደወለ። «ፓስተር፣ ከእንግዲህ ሱቅ አትመጣም ማለት ነው?»

«ተወኝ ባክህ።»

«ዳቦ አቅራቢው እያረፈደ ነው፣ ጸልይበት።»

ለእትዬ ኤርጎጌ ዛሬ ልነግራቸው ሄጄ ነበር። በሩ ላይ እንደደረስኩ ለቶርኖዬ ማልበሻ ሲሰፉ አገኘኋቸው። ሰማያዊ ጨርቅ፣ ዳሩ በነጭ ክር። «አቧራ እንዳይነካት» አሉ። ሽጣት ያሉኝ ሴትዮ። አመስግኜ ተመለስኩ። ፈሪ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ኦም ዳኒ መጥተው ፊሽካውን ነፉ። ሌላ አካል ሠርቼ ነበር፣ ረዘም ያለ፣ ውስጡ እንደ መስታወት የለሰለሰ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚያምረው። አንድ ንጹሕ፣ ወፍራም፣ የማይናወጥ ድምፅ ወጣ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ጥንቸል አይደለም» አሉ። «ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀበሮዬ ይህን ሰምቶ ንስሐ ይገባ እንደሆነ እንጂ ምሳ ብሎ አይመጣም።»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«አበላሸው። የምትሞት ጥንቸል ዜማ አትጠብቅም።»

ለካ ጥፋቱ ጥራቱ ነው። ማለስለስ እንጂ ማበላሸት ማን አስተማረኝ?

ሰኔ 20፣ ዓርብ

አበላሸሁት። አዲስ አካል፣ አጠር ያለ፤ ውስጡን ሳላለሰልስ ሸካራውን ተውኩት፤ ምላሷን በብርጭቆ ወረቀት ከአንድ ጎን ብቻ አሳሳሁ። ነፋሁ። የጎረቤት ውሻ አጥር ዘሎ መጣ። ተሳካ።

ዲቦራ ኦም ዳኒ «ቤተ ክርስቲያን» ያሉትን ፊሽካ ወሰደችው። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ ይሞትና ኳየሩ መነሻ ድምፅ ያጣል፤ ሁሉም ከየቤቱ ይዞት በመጣው ይጀምራል። ጋሽ ሽጉጤ ደግሞ የኳየሩ አባል ሳይሆኑ ከሁሉም በላይ ይጀምራሉ።

«ይህ ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ነው የሚሰጠው?» አለች።

«ሁልጊዜ። ግትር ነው።»

«እንደ አክስቴ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ስብከት ልጽፍ ሞከርኩ። «የተወደዳችሁ ወገኖች...» ብዬ ቆምኩ። አፌ ይችላል፣ እሱ አይደለም የሚያስፈራኝ። የሚያስፈራኝ የሚያምርልኝ መሆኑ ነው።

ሰማያዊውን ማልበሻ አየሁት። ዳሩ ላይ አንድ ቦታ ክሩ ተጣሟል፤ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ነው የሰፉት።

እነግራለሁ። ጋራዡም ይሂድ። ነገ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

መብራት አልነበረም። ኪቦርዱም ማይኩም ሞተዋል። ኳየሩ መዝሙር ጀመረ፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች፣ ጋሽ ሽጉጤ ከጣሪያው በላይ። አቋርጠው እንደገና ጀመሩ። ባሰ። ዲቦራ ቦርሳዋን ጨብጣ እኔን አየችኝ። ፊሽካውን ማውጣት ትችል ነበር። ግን ቀድማ ብትነፋው ነገሬን እሷ ልትናገርብኝ ነው። አላወጣችውም።

መጋቢው ጠሩኝ። ወጣሁ። እትዬ ኤርጎጌ ፊት ለፊት፣ አዲስ ሻርፕ ለብሰው። ሀቢሶም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ሱቁን ለቀብር እንኳ ዘግቶ አያውቅም።

«ወገኖቼ» አልኩ፣ «ጥሪዬን ይዤው መጥቻለሁ።» ከኪሴ አወጣሁት። «ይኸው። ከወይራ ነው። የሰጡኝ ነጭ ሽማግሌ የእውነት ነጭ ናቸው፣ ኦም ዳኒ ይባላሉ። ግልገሎቹ የበግ ግልገሎች ናቸው። ቀበሮውም ቀበሮ ነው። ኃይል ይፈልጋል ያልኩት የመብራቱን ነው። እትዬ ኤርጎጌ የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ እንጂ የተረዱትን አላወቅኩም። ካወቅኩ በኋላ ግን ዝም አልኩ። ጋራዡን ፈልጌ ነው።»

ከኋላ ሀቢሶ ብቻውን «ሃሌሉያ» አለ።

አንዲት እናት፣ «እስኪ አሰማን» አሉ።

ነፋሁ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ጋሽ ሽጉጤ እጃቸውን ዘርግተው ብድግ አሉ፣ «እሱ ነው» አሉ፣ «የጋራዡ!» ከዚያ ፊሽካውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሳቁ ከጓዳ ከሚያበስሉት ሴቶች ተነስቶ ወንበር በወንበር ወደ ፊት መጣ። መጋቢው መጽሐፋቸውን ፊታቸው ላይ ከደኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

እትዬ ኤርጎጌ አልሳቁም። ጉልበታቸውን ያያሉ። ጋራዡ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ፤ ከጋራዡ ይልቅ ግን ያ የተደፋ አንገታቸው...

ያኔ ዲቦራ ተነሳች። ከቦርሳዋ «ቤተ ክርስቲያኑን» ፊሽካ አወጣች። ነፋች። አንድ ድምፅ፣ ወፍራም፣ ንጹሕ። እጇን አነሳች፣ ኳየሩ ከዚያ ድምፅ ላይ ተነሳ። ሁሉም። አንድ ላይ። ጋሽ ሽጉጤ እንኳ ወርደው ተቀላቀሉ። ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ማይክ... ፀጉሬ ቆመ። ይህችን መናገር ነውር አይደለም።

ሲያልቅ እትዬ ኤርጎጌ በአጠገቤ አለፉ። አንድ ነገር ብቻ አሉ።

«ሆሳዕና ምን ብዬ ልንገር?»

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ሰላምታ የለም። ሾርባም የለም። ቶርኖዋን ፈትቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ። ሰማያዊውን ማልበሻ አጣጥፌ ፍሪዘሩ ላይ ተውኩት።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

መጡ። በሩን አላንኳኩም፣ ጋራዡ የራሳቸው ነው። ማልበሻውን አነሱና ፍሪዘሩ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ቀን ዋሸኸኝ?»

«አልዋሸሁም እትዬ።»

«ካወቅክ በኋላ ግን ዝም አልክ።»

«አልኩ።»

«ሾርባዬን እየጠጣህ።»

«እየጠጣሁ። ሾርባው እንኳ ከማወቄ በፊት ነበር...»

«ድስቱን መልስ።»

«እሺ።»

የተጠቀለለችውን ቶርኖ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው የሚሰማ ይመስል፦

«ሰውየው... እውነት ነጭ ናቸው?»

«እውነቱን ልንገርዎ? ቀይ ናቸው። ፀሐይ አቃጥሏቸው።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተነቃነቀው። ከዚያ ሻርፑ። ሳቁ... ዲፕ ፍሪዘሩ አብሯቸው ተንቀጠቀጠ። «እኔ ደግሞ ለመልአክ ነበር ያለቀስኩት» ይላሉ፣ «ለበግ አርቢ!»

ሲረጋጉ መንግሥት አዋጁን አሻሻለ። ኳየሩ ጋራዥ ውስጥ ይለማመዳል፤ ቶርኖዋም ትኖራለች፤ በልምምድ ሰዓት ማልበሻዋን ትለብሳለች። በጸሎት ቀን በዚህ ግቢ ጥንቸል አይሞትም።

«ሆሳዕናስ?»

«ደወልኩ። ጥሪው እንጨት ሆኖ ተገኘ አልኳቸው። እናትህ ምን አሉ መሰለህ? ‹እኔም ገርሞኝ ነበር፣ ልጄ እንጨት ሲፈለፍል ነው ያደገው።›»

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ብርዱ እየለቀቀ ነው። የበሩ እጀታ መንከስ ትቷል።

ኦም ዳኒ ትናንት ደወሉ። ቀበሮው መጣ፣ ከዚህ በፊት ቀርቦ የማያውቀውን ያህል ቀረበ፣ እሳቸው በደስታ መተኮሱን ረሱ። «ዓይን ለዓይን ተያየን» ይላሉ፣ እንደ ሙሽራ። ጓደኞቻቸው በሙሉ አዝዘዋል። አንድ ባኪ ሙሉ ወይራ አራግፈውልኛል። ሀቢሶ ደግሞ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቀጠረ። «ፍርግርጉ አዲሱን ፊት ለምዷል» አለኝ፣ ትንሽ ቅር ብሎት። እኔ ቅር አላለኝም።

ልምምድ ላይ ነበርን። ነበርን ማለት... ዲቦራ ከኋላ አቁማኛለች፣ ድምፅ የሚሰጥ እኔ ነኝ። እንድዘምር አልተፈቀደልኝም፣ እንድነፋ ብቻ። ከመጥረጊያ እጀታ ተነስቼ እዚህ ደርሻለሁ፣ ይህም እድገት ነው።

መሃል ላይ እትዬ ኤርጎጌ እንግዳ ይዘው ገቡ። አሌክሳንድራ ያለው ኅብረት መጋቢ ናቸው፤ ያለ ኪቦርድ የሚዘምረውን ኳየር ሰምተው ነው የመጡት። እትዬ ኤርጎጌ በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«ወንድም ፀጋዬ ነው» አሉ። «ጥሪ አለው። ለእናንተም አንድ ይሠራላችኋል።»

መጋቢው ግራ ገባቸው። «ጥሪውን... ከማን ተቀበለው?»

አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ፊታቸው ላይ አንድ መስመር ሳይንቀሳቀስ፣ ልክ ምስክርነት እንደሚሰጥ ሰው።

«ከነጭ ሽማግሌ» አሉ። «በባኪ መጥተው።»